አውታርን ስለሚደረድሩ ጣቶች

ተከዜ ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሱዳን ቈላ ሲወርድ ስሙን ይለውጣል፤ በዚያ በኩል ሰቲት ይባላል። ወድ ኤል ሒለው የምትገኘውም በዚሁ በሰቲት አጠገብ ነው። አገሩ የከብት አርቢዎች፣ የማሽላና የሰሊጥ ገበሬዎች፣ የነጋዴዎች፣ እንዲሁም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ተሰደው ለብዙ ዓመታት በዚያ የኖሩ ሰዎች መገናኛ ስለ ሆነ፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ዐረብኛ፣ ቤጃ፣ ትግረ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና ሐውሳ ሲነገር ሊሰማ ይችላል። ወንዙ ስሙን ቢለውጥም ውኃው ያው እንደ ሆነ ሁሉ፣ በዚያ ጠረፍ ብዙ ነገሮች በየቋንቋው ልዩ ልዩ ስም ቢኖራቸውም በባሕርያቸው አንድ ናቸው።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናወሳው ያሰብነው፣ እንዲህ ስሙን እየለወጠ ከአገር ወደ አገር ስለሚዞር አንድ የሙዚቃ መሣሪያ፣ ከእርሱም ጋራ ኑሪ ስለሚባሉ የምሥራቅ ሱዳን ባለ ሙያ ነው። የኑሪ ታሪክ የሚያስተምረን ቁም ነገር አለ። ይኸውም የአጨዋወት ስልት ብዙ ጊዜ የሚወለደው ከችግር መሆኑን፣ ወደ ሌላ ሰው የሚተላለፈው ግን ባለቤቱን በስሙ የሚጠራና ሥራውን የሚመዘግብ ሲገኝ መሆኑን ነው። ቍጥሩ እንዳያሳስት፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

አማርኛ በመማር ላይ ላላችሁ ሹማምንት ከስሙ ብንጀምር ይጠቅማችኋል። ገበቴ መሳይ አካል ያለው፣ አፉ በቆዳ የተወጠረ፣ ሁለት እንጨቶች ወደ ላይ ቆመውበት ከላይ በአንድ ቀንበር የተያያዙ፣ ከቀንበሩም እስከ ገበቴው ድረስ አምስት ወይም ስድስት አውታር የተዘረጋበት መሣሪያ በአማርኛ ክራር ይባላል። በሱዳን የዚሁ ወገን የሆነው መሣሪያ በዐረብኛ ጠምቡር ይባላል። የትግረ ሕዝብ ግን የራሱን ክራር መሰንቆ ብሎ ይጠራዋል። ቤጃዎችም ባሰንኮብ ይሉታል፤ ጆሮውን ያቀና ሰው በዚህ ስም ውስጥ የመሰንቆን ድምፅ ያገኛል። በአማርኛ ግን መሰንቆ ሲባል ባለ አንድ አውታር የሆነና በደጋን የሚመታ ሌላ መሣሪያ ነው። በጥንቱ ግዕዝ መሰንቆ የሚለው ቃል ብዙ አውታር ላለው መሣሪያም ይነገር ስለ ነበር፣ ትግረውና ቤጃው የያዙት የቀድሞውን ትርጉም ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በጠረፍ አካባቢ መሰንቆ ሲባል የሰማ ሰው የትኛው መሣሪያ እንደ ሆነ ለይቶ ቢጠይቅ ከስሕተት ይድናል።

ከስሙ ቀጥሎ ግሦቹ ይመጣሉ። ክራር አስቀድሞ ይቃኛል። ቃኘ ማለት የእያንዳንዱን አውታር ድምፅ በልኩ አደረገ ማለት ነው፤ ይኸው ቃል አንድን አገር ወይም አንድን ነገር ተመለከተ፣ መረመረ ማለትም ይሆናል። ከዚህም ቅኝት የሚለው ስም ይወጣል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ የታወቁ ቅኝቶች ናቸው። የተቃኘው ክራር ከዚያ በኋላ ይመታል፣ ይገረፋል፣ ወይም ይደረደራል። ደረደረ ማለት በሌላው ንግግር ነገሮችን በተራ አስቀመጠ ማለት ሲሆን፣ በክራር ረገድ ግን ድምፆቹን በጣቶቹ አንድ በአንድ እያወጣ በሥርዐት አስከተለ ማለት ነው። ደራሲ ቃላትን በተራ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ ደርዳሪም ድምፅን በተራ ያስቀምጣል።

በመግረፍና በመደርደር መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። የሚገርፈው ሰው በቀኝ እጁ አንድ መምቻ ይዞ አውታሮቹን ሁሉ በአንድነት ይመታል። በዚያው ጊዜ የግራ እጁ ጣቶች ከአውታሮቹ ኋላ ሆነው፣ መሰማት የማይገባቸውን በመንካት ዝም ያሰኛሉ። ስለዚህ የምንሰማው ዜማ የሚወጣው ጣቱ ከለቀቀው አውታር ነው፤ የተነካው ዝም ይላል፣ ያልተነካው ይናገራል። የሚደረድረው ግን የሚፈልገውን አውታር ብቻ በጣቱ እየሳበ ያናግራል። በሁለቱም ስልት ቢሆን በክራር ላይ አንዱ አውታር የሚሰጠው ዋናው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ስድስት አውታር ያለው ክራር አምስቱን የቅኝት ድምፆች ይይዛል፤ ስድስተኛው አውታር የአንዱን ድምፅ በላይኛው ወይም በታችኛው እርከን ይደግመዋል።

ጊታር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጊታር አንገት አለው። የግራ እጅ ጣት በአንገቱ ላይ አውታሩን በተጫነው ቍጥር የሚርገበገበው የአውታሩ ክፍል ስለሚያጥር ድምፁ ይቀጥናል። በዚህ ምክንያት በጊታር ላይ አንዱ አውታር ብዙ ድምፆችን ሊሰጥ ይችላል። እንግዲህ ክራርና ጊታር ሁለቱም ባለ አውታር ቢሆኑ ለጣት የሚሰጡት ሥራ የተለያየ ነው። ይህን ከተረዳን ኑሪ ያደረጉትን ነገር ለመረዳት እንችላለን።

ኑሪ የቤጃ ተወላጅ ሲሆኑ የሙዚቃ ሥራቸው የተያያዘው ከወድ ኤል ሒለው ወደ ሰሜን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በቀይ ባሕር ዳር ከምትገኘው ከፖርት ሱዳን ጋራ ነው። የቤጃ ሕዝብ ከቀይ ባሕር ዳርቻ አንሥቶ በከሰላ በኩል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ጠረፍ አቅራቢያ ድረስ ተዘርግቶ የሚኖር ሲሆን፣ ቋንቋው እንደ ኦሮምኛ፣ እንደ አፋርኛና እንደ አገውኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው። ለኢትዮጵያም እንግዳ ሕዝብ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን የነገሠው የአክሱም ንጉሥ ዔዛና በቤጃዎች ላይ ስለ ተደረገው ዘመቻ በግሪክና በግዕዝ ያስቀረጸው ጽሑፍ እስከ ዛሬ በአክሱም ይገኛል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ደጋውና የባሕሩ ዳር በጦርነትም በንግድም ሲገናኙ ኖረዋል።

ኑሪ ከአባታቸው ጠምቡር ተሰጣቸው። በ1990ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ገና ወጣት ሳሉ፣ በፖርት ሱዳን አሮጌ ብረታ ብረት ከሚከማችበት ስፍራ የአንድ ጊታር አንገት አገኙ። አካሉ የጠፋ፣ ሌላው ሰው ለምንም አይጠቅምም ብሎ የጣለው አንገት ነበር። ኑሪ ግን ይህን አንገት ወስደው ከአባታቸው ጠምቡር ጋራ በብየዳ አገናኙት፤ ድምፁም በኤሌክትሪክ እንዲጐላ አደረጉት። ከዚህ የተገኘው መሣሪያ ጠምቡርም ጊታርም ስለ ሆነ ታምቦ ጊታር ተባለ። ሌላ ሁለተኛ እንደ እርሱ ያለ እንደሌለም ይነገርለታል።

ክቡራን አንባቢያን፤ ይህን እንደ ተራ ብልኃት አድርገን ልንመለከተው አይገባም። ጠምቡሩ የአባት ስጦታ ነው። በእርሱ ላይ የቤጃ ቅኝት፣ የቤጃም የጣት ልማድ አለ። ወጣቱ ጠምቡሩን ጥሎ ሙሉ ጊታር ለመግዛት ቢመኝ ኖሮ የሚደንቅ አይሆንም ነበር፤ ብዙ ወጣቶች እንዲህ ያደርጋሉና። ወይም ደግሞ ጊታርን የባዕድ ነገር ብሎ በመናቅ በጠምቡሩ ብቻ ለመቅረት ይችል ነበር። ኑሪ ግን አባት የሰጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ ያገኙትን ጨመሩበት። ከአባት የተወረሰውን ቅኝት ሳይለቅቁ፣ አንድ አውታር ብዙ ድምፅ የሚሰጥበትን የጊታር አንገት በላዩ አስቀመጡበት።

የዚህም ውጤት በአጨዋወታቸው ላይ ይሰማል። በጠምቡር ልማድ አንዲት አጭር ዜማ ደጋግማ ትዞራለች፤ ሰሚው የሚደሰተው በመደጋገሟና በየዙሩ በሚታከልባት ጥቂት ለውጥ ነው። ኑሪም ይህን ልማድ አልተዉም። ዜማውን ሳይቸኵሉ ይጀምራሉ፣ ይደግሙታል፣ በየመካከሉ አንዲት ድምፅ ያሸጋግራሉ ወይም ያዘገያሉ። ነገር ግን ጣታቸው አንገቱን ስለሚያገኝ፣ በተራ ጠምቡር ላይ ከአንዱ አውታር ወደ ሌላው መዝለል የሚያስፈልገውን ድምፅ በዚያው በአንዱ አውታር ላይ አያይዘው ሊያወጡት ይችላሉ። ከዚህ የተነሣ ድምፁ በአንድ በኩል የሚደረደር፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሚዘፍን ይመስላል። ሳክስፎኑ ይመልስላቸዋል፣ ባስ ጊታሩና ከበሮው ከበታች ሆነው ይይዙላቸዋል። የዘፋኝ ድምፅ ሳይኖር ሙዚቃው በራሱ ይናገራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ባለ ሙያ ስሙ ከፖርት ሱዳን ውጭ ሳይሰማ ለምን ብዙ ዓመት ቈየ? ምክንያቱ የሥራው ማነስ አይደለም። በ1989 ሥልጣን የያዘው የኦማር አልበሽር አገዛዝ ሙዚቃን በብርቱ ይቈጣጠር ነበር፤ የታወቁ ዘፋኞች አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። በ1994 ኮጃሊ ኦስማን የተባለው ዘፋኝ በኦምዱርማን በሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በጩቤ ተገደለ። ከዚህም በላይ የመንግሥቱ ሥራ ሁሉ በዐረብኛ ሲሆን የቤጃ ቋንቋና ባህል ወደ ዳር የተገፋ ነበር። ምሥራቁ ክፍል ወደብና ወርቅ ቢኖረውም ድኻ ሆኖ ኖረ። በጥር ወር 2005 መብታቸውን የጠየቁ ቤጃዎች በፖርት ሱዳን በጥይት ተገደሉ። በጥቅምት 2006 በመንግሥቱና በምሥራቁ ግንባር መካከል የሰላም ውል በአስመራ ተፈረመ። ኑሪም ዶርፓ የተባለውን የሙዚቃ ጓድ ያቋቋሙት በዚሁ በ2006 ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙ ዓመት አለፈ። አልበሽር በሕዝብ ተቃውሞ ምክንያት በሚያዝያ 2019 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ የኑሪና የዶርፓ ሙዚቃ ኦስቲናቶ በሚባለው አሳታሚ አማካይነት በ2022 ለዓለም ገበያ ቀረበ። የሸክላውም ርእስ የቤጃን ኃይል የሚያስተዋውቅ ነው። በውስጡ ካሉት ዜማዎች አንደኛው ጀበና ይባላል። አንባቢያን ይህን ስም ሲያዩ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም፤ በቤጃ ቤትም ሆነ በእኛ ቤት ቡና የሚፈላው በጀበና ነውና። ወንዙና መሰንቆው ስምን ሲለዋውጡ ጀበና ግን በሁለቱም በኩል ጀበና ሆኖ ቀርቷል። መሣሪያው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ዓለም እስከ ሰማው ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ መሆኑን ልብ ይበሉ።

እንዲህ ያለው ነገር በሱዳን ብቻ የተፈጸመ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ከሚኖሩት ጥቁሮች መካከል ብሉዝ የሚባለው የሙዚቃ ዐይነት ተወለደ። መሣሪያ መግዛት የማይችሉ ልጆች ከመጥረጊያ ላይ የፈቱትን ሽቦ በቤታቸው ግድግዳ ላይ በምስማር ወጥረው፣ በጠርሙስ እያንሸራተቱ ይለማመዱበት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከእነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ በኋላ የታወቁ ጊታር ተጫዋቾች ሆነዋል፤ ጠርሙሱንና የብረቱን ቱቦ በጊታር አውታር ላይ እያንሸራተቱ ድምፅን ማልቀስ አስተማሩት።

ለቤተሰብ ገጽ የሚስማማ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ኮተን የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊት በኖርዝ ካሮላይና ተወልደው ገና በልጅነታቸው በሰው ቤት እየሠሩ ባጠራቀሙት ገንዘብ ጊታር ገዙ። ግራኝ ነበሩ። ጊታሩ ግን ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። አውታሮቹን በማዞር ፈንታ መሣሪያውን ራሱን ገልብጠው ያዙት። በዚህ ምክንያት ሌላው ሰው በአውራ ጣቱ የሚመታውን ወፍራም አውታር እርሳቸው በሌሎቹ ጣቶች፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣታቸው ያወጡ ጀመር። ቤተሰብ ከመሠረቱ በኋላ ጊታሩን ትተው ለብዙ ዓመታት ኖሩ። በስተ እርጅናቸው በሙዚቃ ሊቃውንት በሲገር ቤተሰብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ሳሉ ጊታር አንሥተው ሲጫወቱ ተሰሙ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1958 ሲወጣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ዓመት አልፎ ነበር፤ ግራሚ የተባለውን ሽልማት በ1985 ሲቀበሉ ደግሞ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። ስልታቸው በስማቸው ተጠርቶ ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉ የጊታር ተማሪዎች ይማሩታል። የመዘገባቸው ሰው ባይገኝ ኖሮ ግን ያ ስልት ከወጥ ቤት ሳይወጣ ይቀር ነበር።

በአፍሪካም የማሊው ዓሊ ፋርካ ቱሬ እንዲሁ ነው። በልጅነቱ የተማረው ባለ አንድ አውታር በሆነ የአገሩ መሣሪያ ላይ ሲሆን፣ በኋላ ያንኑ የጣት ልማድ ወደ ጊታር አዛወረው። አሜሪካኖች በሰሙት ጊዜ የብሉዙን ሊቅ የጆን ሊ ሁከርን አጨዋወት ይመስላል አሉ። እርሱ ግን ሥሩ ከአፍሪካ ነው እያለ ይከራከር ነበር። ከራይ ኩደር ጋራ በ1994 ያወጣው ሸክላ በዓለም ዙሪያ አስታወቀው፤ በዚያም ምክንያት ከማሊ በኋላ ብዙ ወጣቶች ጊታርን በአገራቸው ቅኝት ለመጫወት ተነሣሡ። ተጽዕኖ የሚባለው ይህ ነው፤ አንዱ ያገኘው መንገድ ለሌላው መሄጃ ሲሆን።

በኢትዮጵያም ቢሆን ልናስታውሳቸው የሚገቡ ጣቶች አሉ። ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ በቴአትር መድረክ ከታወቁት የመጀመሪያ ሴቶች አንዷ ሲሆኑ፣ በክራራቸውም ትዝታን ሲጫወቱ በከተማ ቤት የነበረውን የአዝማሪ ጥበብ ለዘመናዊው ሰሚ አስተላልፈዋል። በ1975 ከኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ጋራ የተቀዳው ሥራቸው በ2018 እንደ ገና ታትሞ በውጭ አገር ያሉ አዲስ ሰሚዎችን አግኝቷል። እርሳቸው ግን በ2011 አርፈው ስለ ነበር ይህን ለማየት አልታደሉም። አቶ ሰላም ስዩም ወልደ ማርያም ደግሞ አይቤክስ በተባለው ጓድ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫዋች ነበሩ። የማኅሙድ አህመድን ኧረ መላ መላ በ1975 የተጫወተው አይቤክስ ነው። ማኅሙድን በካርቱምና በገዳሪፍ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከዘፋኙ ኋላ ሆኖ ጊታሩን የሚደረድረው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ከዚያም ያነሰ ነው። አቶ ሰላም በዚህ ብቻ ሳይወሰኑ በ1988 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አነሣሥ የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ጣታቸው የሠራውን የጓደኞቻቸውን ታሪክ ብዕራቸው እንዲጠብቀው አደረጉ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ዘፈን በሱዳን፣ የሱዳንም ዘፈን በኢትዮጵያ እንዲህ የተወደደበት አንዱ ምክንያት በአብዛኛው ሁለቱም በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚዘፈኑ ነው። በወድ ኤል ሒለውም ሆነ በገዳሪፍ አንድ ሰው የሌላውን ቋንቋ ባያውቅ እንኳ ዜማውን ለመከተል አይቸገርም። ጆሮው የሚያውቀውን ደረጃ ያገኛልና። ስለዚህ የኑሪ ታምቦ ጊታር ለአማርኛ ተናጋሪውም ቢሆን ከሩቅ ዘመድ የመጣ ድምፅ ነው።

ነገር ግን አንድ አሳሳቢ ነገር አለ። ታምቦ ጊታር አንድ ብቻ ነው ከተባለ፣ ስልቱም በአንድ ሰው ጣት ላይ ብቻ ያለ ነው ማለት ነው። መሣሪያው ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ሁለተኛ የሚሠራው ማን ነው? በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ብዙዎቹም ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ፖርት ሱዳን ሸሽተዋል። ከዚያ በፊትም በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በሐምዳየት በኩል ወደዚሁ አካባቢ ተሻግረው ነበር። ሰው ነፍሱን ለማዳን ሲሮጥ ልጁንና ስንቁን ይይዛል፤ ክራሩን ግን ግድግዳ ላይ ትቶት ይወጣል። ከክራሩ ጋራ የሚቀረው ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ በዚያ ሰዓት የሚያስብ የለም።

ስለዚህ በጠረፍ፣ በመጠለያና በጕምሩክ ላሉ ሹማምንት አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወድዳለን። አንድ መንገደኛ ቀንበሩ የተሰነጠቀ ክራር፣ ወይም በሽቦ የተጠጋገነ ጠምቡር ይዞ ሲመጣ መዝገቡ ላይ አሮጌ እንጨት ብላችሁ አትጻፉት። ስሙ ክራር ከሆነ ክራር፣ ጠምቡር ከሆነ ጠምቡር ብላችሁ ጻፉት። ኑሪ ያነሡትን አንገት የጣለው ሰው ቍርጥራጭ ብሎት እንደ ነበር አስታውሱ። ባለቤቱንም ሲያነጋግሩ ቃል መምረጥ ያስፈልጋል። አዝማሪ የሚለው ቃል በመሠረቱ የተከበረ ሙያ ስም ቢሆንም፣ አንዳንድ ሰው በንቀት ስለሚናገረው ሁሉም ሰው ሲጠራበት ደስ አይለውም። ይልቁንስ «ክራር ይደረድራሉ ወይ? ማን አስተማረዎ? በየትኛው ቅኝት ይጫወታሉ?» ብላችሁ በአክብሮት ብትጠይቁ፣ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ደስ ብሏቸው ይመልሱላችኋል፤ እናንተም ከመጽሐፍ የማታገኙትን አማርኛ ትማራላችሁ። ወጣት የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ «ክራር ትደረድራለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ለወላጆችም የምንለው አለ። ኑሪን ለዚህ ያበቃቸው የመጀመሪያው ነገር አባታቸው ጠምቡሩን ለልጃቸው መስጠታቸው ነው። ልጁ ምን እንደሚያደርግበት አባቱ አስቀድመው ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ የጊታር አንገት እበይድበታለሁ ቢላቸው ምናልባት ይቈጡ ነበር ይሆናል። ሆኖም ልጁ ብረቱን ፈልጎ ሲያመጣ የሚበይድበት ነገር ቀድሞ በቤቱ ነበረው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ አውታሩ የላላ ክራር ካለ ልጆች እንዳይነኩት ከፍ አድርጎ መስቀሉ አይጠቅምም። ወርዶ ቢቃኝ፣ የሚያውቅ አያት ወይም አክስት ካሉ ጣታቸውን ለልጁ ቢያሳዩ፣ ልጁም በጣቱ ቢሳሳት ይሻላል። መሣሪያ የሚበላሸው በመነካት ብቻ አይደለም፤ ሳይነካ በመቅረቱም ይሞታል።

አባቶች ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። ይህ አባባል እውነት የሚሆነው ስሙን የሚጠራ ሰው ሲኖር ነው። የዘፋኝ ስም በግጥሙና በድምፁ ይታወሳል፤ የደርዳሪ ስም ግን ካልተጻፈ ዜማው እየተሰማ እንኳ ይረሳል። ስለዚህ በሬዲዮ ወይም በሸክላ የሚያስደስታችሁ አውታር በሰማችሁ ጊዜ ዘፈኑ የማን ነው ከሚለው ጥያቄ ቀጥላችሁ፣ የሚደረድሩትስ ማን ናቸው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት። ይህ ጥያቄ ለአማርኛ ተማሪ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ለደርዳሪውም ተገቢ ክብር ነው።

በሚመጣው ጊዜ ለመለማመድ ይሆናችሁ ዘንድ በዛሬው ዓምድ የተነሡትን አምስት ቃላት፣ ማለት ቃኘ፣ ደረደረ፣ ገረፈ፣ አውታርና ቀንበርን፣ እያንዳንዳቸውን በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ እያገባችሁ ጻፉ። ቀንበር የሚለው ቃል በእርሻ ሥራ በሬዎች ስለሚጠመዱበት እንጨትም ስለሚነገር፣ ለእርሱ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብትጽፉለት ይሻላል።